የመኪናው ወለል፦ ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ኮምፔርሳቶ በራያ ቆላ ጎዳና

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወርድ መኪና አላውሃን ሲሻገር አየሩ ይለወጣል። የደጋው ንፋስ ከኋላ ይቀርና ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ ዋጃ፣ ጥሙጋ፣ አላማጣ እየተባለ የሚቆጠረው የራያ ሜዳ ይዘረጋል። በስተምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በስተምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት ቆመውበታል፤ ከዞብል ማዶ አፋር ነው። 1,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያለው ይህ ሜዳ የማሽላና የጤፍ፣ የከብትና የግመል አገር ነው። አዲስ አበባን ከአስመራ ያገናኘው ጎዳና መሐል ለመሐል ሰንጥቆት ያልፋል።

በዚህ ጎዳና ስላለፉ መኪኖች ጨዋታ ሲነሣ የሚወሳው ሞተሩ ነው። የፊያቱ ትሬንታ ኳትሮ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚያጓራ፣ ኤንትሬ ስንት ኩንታል እንደሚሸከም፣ አይሱዙ ኩርባ ላይ እንዴት እንደሚበር ይተረካል። የሚረሳው ከጭነቱና ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ወለል ነው። ይሁንና አንድ ሻንሲ ዛሬ ወታደር፣ ነገ እህል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ በሽተኛ ወይም መንገደኛ እንዲይዝ ያስቻለው ሞተሩ አይደለም። ሞተሩ ያው ነው። የተለወጠው ወለሉና በወለሉ ላይ የተተከለው ነገር ነው።

አሁን አሁን በአውሮፓና በአሜሪካ ወጣቶች የዕቃ መጫኛ ቫን ገዝተው፣ ወለሉን በኮምፔርሳቶ (በድርብርብ እንጨት ሠሌዳ) አንጥፈው፣ አልጋና ምድጃ ገጥመው ውስጡ መኖር ጀምረዋል፤ ልማዱም እንደ አዲስ ግኝት ይወራለታል። የራያ ጎዳና ግን ለአንድ ሥራ የተሠራን መኪና ወለሉን ለውጦ ለሌላ ሥራ ማዋልን ወደ ዘጠና ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያውቀዋል። በዚህ ጎዳና ይህን ሲያስደርጉ የኖሩት ደግሞ ጦርነት፣ ረሃብና ንግድ ናቸው።

ሆስፒታል የጫኑ ካሚዮኖች

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወርር፣ ክረምት ሳይገባ የራያ ሜዳ የጦር ግንባር ጓሮ ሆነ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሠፈር ከደሴ ወደ ኮረም ተዛውሮ ነበር። ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በበጋ ብቻ መኪና የሚያሳልፍ ጥርጊያ ነበር፤ ስንቁም ጥይቱም በወልድያና በቆቦ በኩል በዚያው ይሄድ ነበር። በዚያው ጥርጊያ ላይ ቀይ መስቀል የተሳለባቸው ካሚዮኖችም ወጡ። በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ ቡድን ድንኳኑን፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያውንና መድኃኒቱን በጭነት መኪኖች ጭኖ ከደሴ ወደ ግንባሩ አቀና። መኪኖቹ ሲሄዱ መጋዘን ነበሩ፤ ሲመለሱ ቁስለኛ ተኝቶባቸው ይመጣ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ቡድኑ ኮረም አቅራቢያ ሠፍሮ ሳለ የጣሊያን አውሮፕላን በቦምብ ደበደበው። ከሐኪሞቹ አንዱ የነበሩት ዶክተር ማክፊ የቡድኑን ውሎ በማስታወሻ መልክ ጽፈው በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1936 አሳትመውታል። ዶክተር ሜሊ ራሳቸው አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ልትወድቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በከተማው በተነሣው ዝርፊያ መካከል በጥይት ተመትተው በዚያው ቁስል ሞቱ።

መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ። ጣሊያን ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ፤ ሚያዝያ 18 ቀን ደግሞ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች ያሰለፈ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን ከተማዋን ያዘ። የዚያን ያህል መኪና በአንድ ሰልፍ ሲያልፍ ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም። አብዛኛው የጭነት መኪና ነበር፤ ወታደሩ የተጓዘውም የእህልና የሲሚንቶ መጫኛ ሆኖ በተሠራ የጣውላ ወለል ላይ ነው።

የትሬንታ ኳትሮ ጣውላ

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተሠራ። ከአስመራ ተነሥቶ በአምባላጌ፣ በማይጨውና በኮረም አድርጎ የግራካሱን ጠመዝማዛ ወርዶ አላማጣ የሚደርሰው፣ በቆቦና በጎብዬ አልፎ ወደ ወልድያና ደሴ የሚዘልቀው፣ በመጨረሻም የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ በስቶ አዲስ አበባ የሚገባው ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ጎዳና የአምስቱ ዓመት ወረራ ዘመን ሥራ ነው።

የጎዳናው ንጉሥ ፊያት 634 ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1931 ተጀመረ፤ በናፍጣ የሚሠራ፣ ከባድ፣ ዘገምተኛ መኪና ነው። የአገሬው ሹፌር ትሬንታ ኳትሮ አለው። ጋቢናው የእንጨት አጥንት ላይ ላሜራ ለብሶ የተሠራ ነበር፤ ከኋላው ያለው መጫኛ ደግሞ ከወለሉ እስከ ስፖንዳው እንጨት ነው። በመኪናው ላይ አናጢ የሠራው ክፍል መካኒክ ከሠራው ባይበልጥ አያንስም ነበር።

የወለሉ አሠራር ቀላል ቢመስልም የራሱ ሥርዓት አለው። በሁለቱ የሻንሲ ብረቶች ላይ ወፍራም ሞራሌዎች አግድም ይጋደማሉ፤ የሻንሲው ብረትና የወለሉ ጣውላ በቀጥታ እንዳይፋጩ፣ የመንገዱም ንዝረት በሞራሌው እንዲዋጥ ነው። በሞራሌዎቹ ላይ ጣውላው ከጋቢና ወደ ኋላ በቁመት ይነጠፋል። ቁመቱን የሚከተልበት ምክንያት አለው፤ ጆንያና ሳጥን ወደ ውስጥ ሲገፋና ሲጎተት በጣውላው ጅማት አቅጣጫ ይንሸራተታል እንጂ በየመጋጠሚያው አይደናቀፍም። ከዚያ ብሎን ከላይ ገብቶ ከሥር በዳዶ ይታሰራል። የብሎኑ ራስ ካልሰመጠ ጆንያ ስለሚቀድድ አናጢው ቀዳዳውን አስፍቶ ራሱን ከጣውላው ጋር ያስተካክለዋል።

በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በአምባላጌ እጁን ሲሰጥ መኪኖቹ ቀሩ፤ የሚጠግኗቸውም ሰዎች ቀሩ። በአስመራ፣ በደሴና በአዲስ አበባ ጋራዦች ጣሊያኖችና ከእነሱ ሙያ የቀሰሙ ኢትዮጵያውያን አብረው ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 የሥራና መገናኛ ሚኒስቴር በአዲስ አበባ የሕዝብ ማመላለሻ ሲጀምር የተጠቀመው ከጣሊያን በተማረኩ ጥቂት ተሽከርካሪዎች ነው፤ በኋላ አንበሳ አውቶቡስ ተብሎ የታወቀው ድርጅት ታሪኩን የሚቆጥረው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የተሠራው ፊያት 682 ሲመጣ፣ በተለይም ኤንትሬ የተባለው፣ ትሬንታ ኳትሮን ከዋናው ጎዳና እያስወጣው ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ከፊያት ጋር የተቋቋመው አምቼ መኪና እዚሁ አገር ውስጥ መገጣጠም ጀመረ። ሞተሩ ከውጭ ቢመጣም ከጋቢናው በኋላ ያለውን አካል የአገር ውስጥ እጅ መሥራቱ እንግዳ ነገር መሆኑ እየቀረ መጣ።

ቆላና ጤፍ ያስቸገሩት እንጨት

የጣውላ ወለል በጎብዬና በቆቦ ሜዳ ላይ አንድ ጠላት ነበረው፤ ፀሐይ። እንጨት በርዝመቱ የሚለወጠው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ በወርዱ ግን እርጥበት ሲያጣ ይኮማተራል፣ ሲረጥብ ያብጣል። በበጋ የራያ ሙቀት የመታው ጣውላ ከጎረቤቱ እየራቀ ክፍተት ይሠራል። በሐምሌና በነሐሴ ከተራራው የሚወርደው ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ ተመልሶ ያብጥና ይገፋፋል፤ ብሎኑን ያላላል፣ ጠርዙን ያነሣል።

ክፍተቱ ለማሽላ ብዙ አያስፈራም። የራያ ዋና ሰብል ማሽላ ነው፤ አቀንጭራን የሚቋቋመውና በፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ምርምር የተገኘው ዝርያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ለገበሬው ሲለቀቅ የተሰጠው ስም ጎብዬ ነው። የማሽላ ፍሬ በጆንያ ቀዳዳ ቢወጣም ወለሉ ላይ ይገኛል፤ ጠርገው ያነሱታል። ጤፍ ግን ሌላ ነው። በአንድ ግራም ውስጥ ከ2,000 በላይ ፍሬ ይገኛል። ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ ጤፍ በጣውላዎቹ መካከል ሾልኮ አስፋልት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጤፍ የሚጭን መኪና ከጆንያው ሥር ሸራ ያነጥፋል፤ ነጋዴውም ሸራው መነጠፉን ሳያይ አያስጭንም።

እንጨት የፈሰሰበትን መጠጣቱም ችግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ በኢትዮጵያ የወባ መከላከያ ሙከራ ከተጀመረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ ዲዲቲ እየተጫነ መጥቶ በየቤቱ ግድግዳ ተረጨ። ዘይት፣ ናፍጣ፣ ጨው፣ ኬሚካልና እህል የሚፈራረቁበት የጣውላ ወለል የትናንቱን ጭነት ለዛሬው ያሳልፋል። ላሜራ ይህን ችግር ይፈታል፤ ነገር ግን በቆላ ፀሐይ ይግላል፣ ሲረጥብ ያዳልጣል፣ ጠርዙ ሲዝግ ደግሞ የሚበይደው ጋራዥ ይፈልጋል። አንድ ጣውላ ሲሰበር ግን መዶሻና ሚስማር ባለበት የትኛውም የመንገድ ዳር ከተማ ይተካል። ለዚህ ነው ከባድ መኪና ለረጅም ዘመን እንጨትን ያልተወው።

ድርብርብ እንጨት

የዚህ ሁሉ መፍትሔ በዓለም ዘንድ ጥንትም ይታወቅ ነበር። በግብፅ ሳቃራ፣ በሦስተኛው ሥርወ መንግሥት ዘመን ከተሠራው የደረጃ ፒራሚድ ውስጥ፣ ከስድስት ስስ የእንጨት ንብርብር የተሠራ የሬሳ ሣጥን ተገኝቷል። ምሥጢሩ ዛሬም ያው ነው። ስስ ልጦች አንዱ በአንዱ ላይ ሲለጠፉ የአንዱ ጅማት ወደ ቁመት ከሄደ የሚቀጥለው ወደ ወርድ እንዲሄድ ይደረጋል። አንዱ በወርዱ ልኮማተር ሲል የሌላው ቁመት ይይዘዋል። ንብርብሩ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እያለ በጎዶሎ ቁጥር የሚሆነው የላይኛውና የታችኛው ፊት ጅማት በአንድ አቅጣጫ ሄዶ ሠሌዳው ወደ አንድ ወገን እንዳይጎብጥ ነው።

በፋብሪካ ደረጃ ኮምፔርሳቶ በአሜሪካ ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 በኦሪገን ፖርትላንድ በተደረገ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነው። መኪና ሠሪዎችም አዩት፤ ከበሩ ሥር ያለውን መርገጫ ከኮምፔርሳቶ መሥራት ጀመሩ። ነገር ግን የዚያን ዘመን ኮላ ውኃ አይችልም ነበር። ዝናብና ጭቃ ሲነካው ንብርብሩ እየተላቀቀ ስላስቸገረ መኪና ሠሪዎቹ ወደ ብረት ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1934 በዋሽንግተን ግዛት ሃርበር ፕላይውድ በተባለ ድርጅት ኬሚስቱ ጄምስ ኔቪን ውኃ የማይፈታው ኮላ እስኪሠራ ድረስ ኮምፔርሳቶ የቤት ውስጥ ዕቃ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ጀልባውም፣ የባቡሩም፣ የአውቶቡሱም ወለል የእሱ ሆነ።

በዓለም ላይ የሚዞረው የጭነት ኮንቴይነር ወለልም ኮምፔርሳቶ ነው። ብዙውን ጊዜ 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 19 ንብርብር አለው፤ ፎርክሊፍት ጭነት ይዞ ሲወጣበት እንዲችል ከጠንካራ የሞቃት አገር ዛፍ ይሠራል። በጂቡቲ በኩል ገብቶ፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አርፎ፣ በመጨረሻም በየከተማው መንገድ ዳር ሱቅ ወይም መኖሪያ ሆኖ የሚቀር ኮንቴይነር ገዢው ሳያስበው አንድ ደህና የተሠራ ወለል ይዞለት ይመጣል።

አገር ውስጥ ከደቡብ ምዕራብ ደን የሚገኙት ቀረሮና ዝግባ ለኮምፔርሳቶ ልጥ የሚመቹ ዛፎች ናቸው። ለራያ የሚቀርበው ፋብሪካ ግን ከአላማጣና ከኮረም በላይ ማይጨው ላይ የተተከለውና ባሕር ዛፍን ፈጭቶ ሠሌዳ የሚሠራው ነው። እሱ የሚያወጣው ቺፑድ ነው፤ ለቁም ሣጥንና ለጠረጴዛ ይሆናል። ለመኪና ወለል ግን የተፈጨ እንጨት በኮላ ስለተያያዘ ብቻ ኮምፔርሳቶን አይተካም። ጎማ የረጨው ውኃ በጠርዙ በኩል ከገባ ያብጣል፤ ያበጠ ቺፑድ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም፤ ቪቴውም ይለቃል።

ሰው የተኛበት ወለል

በጣሊያን ጦርነት ዘመን የተጀመረው ሰውን በጭነት ወለል ማጓጓዝ በረሃብ ዘመን ተመልሶ መጣ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሰዉ ከየገጠሩ ወደዚሁ ጎዳና ወጥቶ አላፊ መኪና እየጠበቀ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ኮረም በዓለም ቴሌቪዥን ታየች። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽንና የውጭ ድርጅቶች ስንዴ የጫኑ መኪኖቻቸውን በዚያው በጎብዬና በቆቦ መንገድ ላኩ። ከጣሊያን ፊያት ጎን የምሥራቅ ጀርመን ኢፋና የሶቪየት መኪኖች ተሰለፉ።

የመኪኖቹ የመልስ ጉዞ ሌላ ታሪክ አለው። ደርግ ባካሄደው ሠፈራ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጓጓዘ፤ አብዛኛው ከወሎ ነበር። በአውሮፕላን የሄደም፣ በአውቶቡስ የሄደም አለ። በጭነት መኪና የተጓዘው ግን የቀናት መንገድ ከልጆቹና ከጓዙ ጋር እህል ይራገፍበት በነበረ ወለል ላይ ተቀምጦና ተኝቶ ነው የጨረሰው። መኪናው አልተለወጠም ነበር፤ አልጋ አልተገጠመለት፣ መቀመጫ አልተተከለበት። አንድ ሸራ ከላይ ተወጥሮ ከጭነት ወደ መኖሪያ ተሸጋገረ።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ቆቦና ጎብዬን ሲያዳርስ ሰዉ እንደገና በዚሁ ጎዳና ሸሸ፤ የተመለሰውም በዚያው ነው። አይሱዙ፣ ሲኖ ትራክ፣ ባጃጅ፣ የተገኘው ሁሉ ሰውና ፍራሽ አብሮ ጫነ።

ውይይት፣ ቅጥቅጥ፣ ሃይስ

በሰላሙ ጊዜ የወለል ለውጥ ንግድ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ከኋላቸው ክፍት የነበሩ ፒክአፖች ላይ ጣሪያ ተሠርቶ፣ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ተተክሎ፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት ውይይት ታክሲ ተፈጠረ። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባው ውይይት ለዓመታት የከተማዋ ዋና መጓጓዣ ሆኖ ሠርቷል። ፒክአፑን የሠራው ፋብሪካ በዚያ ወለል ላይ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተገናኝቶ ይቀመጣል ብሎ አላሰበም፤ ያሰቡት የአዲስ አበባ ባለ ጋራዦች ናቸው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የንግድ በር ሲከፈት ተራው የአይሱዙ ሆነ። ሻንሲና ጋቢና ብቻ ሆኖ የሚገባው መኪና እዚህ አካል ይሠራለት ጀመር። እህል ጫኝ ከሆነ ስፖንዳ ያለው መጫኛ ይሠራለታል፤ ሰው ጫኝ ከሆነ ብረቱ ታጥፎ፣ ላሜራው ተቀጥቅጦ፣ ወንበር ተደርድሮ ቅጥቅጥ ይሆናል። መቀሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ተሳቢና የመኪና አካል በፋብሪካ ደረጃ ሲሠራ፣ በየከተማው ያሉት ትንንሽ ጋራዦች ደግሞ ያንኑ በእጅ ሠሩት። ከወልድያ ቆቦ፣ ከቆቦ አላማጣ የሚመላለሰው መንገደኛ ለብዙ ዓመታት እግሩን ያሳረፈው እንዲህ ባለ ወለል ላይ ነው።

የቶዮታ ሃይስ ለውጥ ደግሞ ከዛሬው የቫን ቤት ሥራ ጋር በጣም ይቀራረባል። ዕቃ መጫኛ ሆኖ የተሠራ፣ ጎኑ ድፍን ላሜራ የሆነ ቫን ተገዝቶ ይመጣል። ጎኑ ተቆርጦ መስኮት ይወጣለታል፣ ወለሉ ይነጠፋል፣ ወንበር ይተከላል። ወለል አንጣፊው የሚገጥመው ጥያቄ በጀርመን ወይም በእንግሊዝ ቫኑን ቤት ለማድረግ የሚለፋው ሰው ከሚገጥመው አይለይም። የቫን ወለል ለጥ ያለ አይደለም፤ ላሜራው እንዲጠነክር ከፍና ዝቅ እያለ በቦይ ተጨፍልቆ ነው የተሠራው። በጎኑ የጎማው ጉብታ አለ። ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም።

ይህ ሥራ በአውሮፓ መልክ የያዘው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 የስኮትላንዱ ሐኪምና ደራሲ ጎርደን ስቴብልስ በብሪስቶል አንድ የሠረገላ ፋብሪካ ያሠሩት፣ በፈረስ የሚጎተት የማሆጋኒ ቤት ለመዝናኛ ከተሠሩ ተንቀሳቃሽ ቤቶች የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1951 ቬስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ድርጅት ለቮልስዋገን ቫን የሚገባና የሚወጣ የእንጨት ሣጥን ሠራ፤ ሲገባ መኝታና ወጥ ቤት ነው፣ ሲወጣ ቫኑ ወደ ጭነቱ ይመለሳል። በእንግሊዝ ደግሞ ዶርሞቢል የተባለው ቫን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስም አወጣ። እንግሊዞችን ካበረታታቸው ነገር አንዱ ቀረጥ ነበር፤ መኝታ የተገጠመለት መኪና መደበኛው መኪና የሚከፍለውን የግዢ ቀረጥ አይከፍልም ነበር። አዲስ አበባ ላይ ፒክአፑን ውይይት፣ ራያ ጎዳና ላይ አይሱዙን ቅጥቅጥ ያደረገውም የዚያው ዓይነት የገንዘብ ስሌት ነው፤ ከተሠራ አውቶቡስ ሻንሲ ይረክሳል።

ንጣፉ ሲነጠፍ

ዛሬ አንድ አናጢ የሃይስ ወይም የሌላ ቫን ወለል ሲሠራ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ያለው ምንጣፍና ላስቲክ ይነሣል፤ ላሜራው ይታጠባል፤ የዛገ ቦታ በብረት ብሩሽ ተፍቆ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባል። ይህን ዘልሎ የሚያነጥፍ ሰው ዝገቱን ሸፈነው እንጂ አላስቆመውም። ቀጥሎ የላሜራው ቦዮች በፎም ቁራጭ ወይም በስስ የእንጨት ሊስትሮ ይሞላሉ፤ ኮምፔርሳቶው በጉብታዎቹ ጫፍ ላይ ብቻ ካረፈ በመሐሉ ሰው ሲረግጠው ይዋዥቃል፣ ይንቋቋል።

ከዚያ ካርቶን ይመጣል። የቫኑ ጎን ጠመዝማዛ ስለሆነ በሜትር ከመለካት ይልቅ ካርቶኑን በጎኑ አስጠግቶ ቅርጹን መቁረጥ ይሻላል፤ ቅርጹ በሠሌዳው ላይ ተገልብጦ ይነደፋል። ኮምፔርሳቶ የሚሸጠው 1.22 በ2.44 ሜትር ስለሆነ አንድ ሙሉ ቫን በአንድ ሠሌዳ አይሸፈንም። መጋጠሚያው የት ይረፍ የሚለው የአናጢው ጥበብ ነው፤ ብዙ እግር በሚረግጠው በበሩ መግቢያ ላይ እንዳይሆን፣ ከሥሩም ድጋፍ እንዲኖረው ይመረጣል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለብዙ ቫን ይበቃል። ሠሌዳው ከመነጠፉ በፊት የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ቫርኒሽ ወይም ቀለም ይጠጣል፤ ኮምፔርሳቶ ውኃ የሚገባው በፊቱ ሳይሆን በጠርዙ ነውና። ዙሪያውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለታል፤ በቆላ ሙቀት ላሜራውም እንጨቱም ሲንቀሳቀሱ እንዳይገፋፉ።

የቀዝቃዛ አገር ሰው ከወለሉ ሥር ፎም የሚያደርገው ቅዝቃዜ እንዳይገባበት ነው። በራያ ሜዳ ላይ ግን ያው ፎም የሚመክተው ከሥር የሚመጣውን የአስፋልትና የጭስ ማውጫ ሙቀት ነው። ከሙቀቱ ጋር አቧራው አለ፤ በብሎን ቀዳዳና በላሜራ ስንጥቅ የሚገባው አቧራ በሲሊኮን ካልተዘጋ ተሳፋሪው ጎብዬ ላይ ነጭ ልብስ ለብሶ ቢሳፈር አላማጣ ሲደርስ ልብሱ ሌላ ቀለም ይይዛል።

ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁለት ወንበሩ ነው። ወንበር በኮምፔርሳቶው ላይ በቪቴ ብቻ ከተያዘ ሠሌዳው ደህና ቢሆንም መኪናው ድንገት ሲቆም ቪቴው ከእንጨቱ ይነቀላል። የወንበሩ እግር ብሎን ኮምፔርሳቶውንም ላሜራውንም አልፎ፣ ከመኪናው ሥር ወፍራም የብረት ሠሌዳ ተደርጎለት በዳዶ መታሰር አለበት። በትሬንታ ኳትሮ ጊዜ ጣውላውን ከሞራሌውና ከሻንሲው ጋር ያሰረው ዘዴ በአዲስ ዕቃ ላይ እንደገና ይሠራል ማለት ነው።

ይህ ዘዴ አሁን አዲስ ፈተና እየመጣበት ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሚኒባሶችም በከተሞች መታየት ጀምረዋል። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚሸከሙት ከወለሉ ሥር ነው። የነዳጅ መኪና ወለል ሲበሳ የሚያሰጋው የፍሬን ወይም የነዳጅ ቱቦ ነበር፤ ሠሪው ከሥር ገብቶ አይቶ፣ ቦታውን መርጦ ይበሳ ነበር። በባትሪ ላይ ግን ወለሉ እስከ ጫፍ ድረስ የማይበሳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አናጢው ኮምፔርሳቶውን በኮላ ማጣበቅን፣ ወንበሩንም ፋብሪካው አስቀድሞ ባዘጋጀው ሐዲድ ላይ ብቻ ማሰርን መልመድ ይኖርበታል። የመሰርሰሪያውን ጫፍ በሠሌዳው ውፍረት ልክ በቴፕ ምልክት አድርጎ፣ ከ12 ሚሊ ሜትር አንዲት እንኳ እንዳታልፍ እየጠበቀ መሥራት ይጠበቅበታል።